ያጌጠ ሽጉጥና የተናቀ እጅ



ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ በዋለ አንድ እሑድ፣ በዚህ በአትላንታ ከተማ፣ ከቅዳሴ መልስ በአንድ ወንድማችን ቤት ለጽዋ ማኅበር ተሰብስበን ነበር። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ጠበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት ባለቤቱ ከጓዳ አንድ የእንጨት ሣጥን ይዞ መጣ። የአንድ አሮጌ ቤት ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ የገዛው ኖሯል። ሲከፍተው በውስጡ አንዲት አጭር ሽጉጥ ተኝታለች። የእስፓኝ ሥራ ናት፤ ዕድሜዋም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው አለን። ሰደፏ በተቀረጸ ብር ተለብጧል፤ ጫፉ እንደ ሎሚ ድቡልቡል ነው፤ በጎኗ ያለው መምቻ ባልጩት ድንጋይ የሚነክስ መንጋጋ አለው። በብሩ ላይ ቅጠልና አበባ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ዛሬ አትተኩስም፤ ነገር ግን ያያት ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ «የሠራው እጅ ይባረክ» አለ። ሌላዋ እኅታችን «ሥዕለ ማርያም ባለችበት ቤት ይህ ምን ይሠራል?» ብላ ፊቷን አዞረች። የባለቤቱ የዐሥር ዓመት ልጅ ደግሞ ሁላችንንም ዝም ያሰኘ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ማንን ገድላለች?» አለ። መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

በዚህ መካከል እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተናገሩ አንድ አረጋዊ አባታችን ሽጉጧን ተቀብለው ወደ መብራቱ ጠጋ አደረጓት። እንደ እኛ አበባውን አልተመለከቱም፤ የብሩን መጋጠሚያ በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ የምስማሮቹን ራስ ቈጠሩ፣ በመጨረሻም ከብረቱ ላይ አንዲት ትንሽ ማኅተም አገኙ። «ስሙን መትቶበታል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አባቴ በሠራው ነገር ላይ አንድ ቀን እንኳ ስሙን ጽፎ አያውቅም» አሉ። ሠላሳ ዓመት ያህል አብረን ስናስቀድስ አባታቸው ገበሬ እንደ ነበሩ ነበር የነገሩን። በዚያ ቀን ግን በጎንደር አውራጃ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ብርም የሚያነጥሩ ባለሙያ እንደ ነበሩ ሰማን። ለምን እንደ ደበቁን አልጠየቅናቸውም። ሁላችንም እናውቀዋለንና።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዕለት ዝምታ የተወለደ ነው። ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ወጥተናል። የመጀመሪያው፣ ለመግደያ በተሠራ መሣሪያ ላይ ውበትን ማፍሰስ ተገቢ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያውን እያከበርን ሠሪውን የናቅን እኛ ምን ዓይነት ፍርድ ስንፈርድ ኖርን? የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መጨረሻቸው አንድ ቦታ እንደሚገናኝ ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ እጁ እንናገር። በእስፓኝ አገር ሽጉጥና ጠመንጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚታወቁባቸው ከተሞች ነበሩ። በሰሜን ምሥራቅ፣ በካታሎኒያ ተራሮች ሥር ያለችው ሪፖል፣ እንደዚች ያለ በብርና በናስ ሰደፉ የተለበጠ አጭር ሽጉጥ በመሥራት ለብዙ ዘመን የታወቀች ነበረች። በማድሪድ ለነገሥታቱ የሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ አፈ ሙዙን የሚቀጠቅጡት ካረጀ የፈረስ ኮቴ ብረት ነበር። ያ ብረት በፈረሱ እግርና በድንጋዩ መካከል ለዓመታት ሲደበደብ ኖሮ ጠንክሯልና፣ እንደ ገና በእሳት ሲገባና ሲቀጠቀጥ ቆሻሻው እየወጣ፣ ከብዙው ጥቂቱ ብቻ ይቀራል፤ የቀረው ግን አይፈነዳም ተብሎ ይታመን ነበር። ሠሪውም ሥራው ሲያልቅ ስሙን የያዘች ማኅተም ይመታበታል፤ የማኅተሟንም ጕድጓድ በወርቅ ይሞላዋል። ስሙን በወርቅ የሚጽፍ ሰው ለሥራው ዋስ ሆኖ መቆሙን ያስታውቃል።

በባስክ አገር ባለችው በኤይባር ከተማ ደግሞ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሱሎአጋ ቤተሰብ ተነሣ። አባትየው ኤውሴቢዮ ለእስፓኝ ቤተ መንግሥት መሣሪያ ይሠራ ነበር። ልጁ ፕላሲዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1910 የኖረው፣ በብረት ላይ ወርቅ የማልበስን ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ አደረሰው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የብረቱ ገጽ በስለታም መሣሪያ እጅግ በቀጠኑ መስመሮች አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ እየተጫረ እንደ ሸካራ ጨርቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንደ ፀጉር የቀጠነ የወርቅ ክር ይቀመጥበትና በትንሽ መዶሻ ይመታል፤ ሸካራው ብረት ክሩን ነክሶ ይይዘዋል። በመጨረሻ ብረቱ እንዲጠቍር ይደረጋል፤ ወርቁ ግን አይጠቍርምና በጨለማ ላይ እንደ ተዘረጋ ብርሃን ይታያል። ጥበቡ ስሙን ያገኘው ከደማስቆ ከተማ ነው። የፕላሲዶ ልጅ ኢግናሲዮ መዶሻውን ትቶ ብሩሽ ያዘ፤ በሥዕሉም በዓለም ሁሉ ታወቀ። አባትየውን የሚንቅ አልተገኘም፤ ሥራዎቹ ዛሬ በታላላቅ ስብስቦች ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እናንሣ። ይህን ያህል ትዕግሥት፣ ይህን ያህል ዕውቀት፣ ነፍስ ለማጥፋት በሚያገለግል ነገር ላይ መፍሰሱ እንዴት ይታያል?

አንዳንዶች «ውበት የትም ቢቀመጥ ውበት ነው፤ ጥፋቱ የተኳሹ ነው» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ሙያና መሣሪያ፣ መሣሪያና ፈቃድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብረትን የማለስለስ ሙያ በራሱ መልካም ነው፤ በዚያው እሳት ማረሻም፣ ማጭድም፣ መስቀልም ይሠራል። መሣሪያው ግን ከተፈጠረበት ዓላማ ፈጽሞ ሊላቀቅ አይችልም፤ ሽጉጥ ዳቦ አይቆርስም። ጌጡስ? ጌጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ሥራ ይሠራል። ያላጌጠ ሽጉጥ «ለምን ተሠራህ?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ያጌጠው ግን ጥያቄውን አስረስቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ለእንግዳ ይታያል፣ ለልጅ ይወረሳል። የዐሥር ዓመቱ ልጅ ስለ አበባው ሳይሆን ስለ ሟቹ የጠየቀው ዓይኑ ገና በጌጥ ስላልተሸነፈ ነው።

መሣሪያ ሠሪዎቹም ከመሣሪያ አላመለጡም። ሪፖል እ.ኤ.አ. በ1839 በእርስ በርስ ጦርነት ጠፍ ሆነች፤ ለሌሎች የሠራችው መሣሪያ ራሷን አላዳናትም። በዚያው በባስክ አገር በምትገኘው በጌርኒካ አንድ የሽጉጥ ፋብሪካ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1937 የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲያነድዱ ቤቱና ሰዉ አለቀ፤ ፋብሪካው ግን ተረፈ። የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከዚያ በፊት በእኛ አገር ሰማይ ምን እንዳወረዱ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። እኛ ዛሬ የምንኖርባት ከተማም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ስፒለርና በር የተባለ ድርጅት ለደቡቡ ጦር ሽጉጥ ይሠራ የነበረው በዚችው በአትላንታ ነው፤ ብረት አጥሮ ስለ ነበር አካሉን በናስ ያበጁት ነበር። በኅዳር 1864 (እ.ኤ.አ.) አትላንታ ተቃጠለች።

ከእስፓኝ ወደ ቤታችን እንመለስ። በታሪካችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው ያጌጠ ሽጉጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1860 ከተገደለ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ላደረጉለት ቸርነት ምስጋና ይሆን ዘንድ ንግሥት ቪክቶሪያ ጥንድ ሽጉጥ ላከችላቸው። ስጦታውን እ.ኤ.አ. በ1862 ያመጣው አዲሱ ቆንሲል ካሜሮን ነበር። በሽጉጡም ላይ የሰጪዋና የተቀባዩ ስም፣ የምስጋናውም ምክንያት ተቀርጾ ነበር። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ለዓመታት ያለ መልስ ቆየ። ከዚህ የተነሣ ቅሬታ፣ ከቅሬታ እስራት፣ ከእስራትም ጦርነት መጣ።

የናፒየር ጦር ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ላይ የተዋጋው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ዕለተ ስቅለት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ በዕለተ ማዕዶት፣ ጠላት በሩን ሰብሮ ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ የራሳቸውን ሕይወት አሳለፉ። በነፍሳቸው ላይ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባን ግን አለ። በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቃል የወዳጅነት ቃል ነበር፤ ብረቱ የሠራው ግን የራሱን ሥራ ነው። ጌጥና ጽሕፈት የመሣሪያን ጠባይ አይለውጡም። ለወዳጅነት የሚያስፈልገው መልስ የሚሰጥ ደብዳቤ ነበር፤ ደብዳቤው ዘገየ፣ ሽጉጡ ደረሰ።

ከዚህም በላይ የሚያሳዝነን ሌላ ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከውጭ የፈለጉት ያለቀለት መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የሚሠራ እጅም ፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎች እንዲመጡላቸው ጠይቀዋል፤ ባለሙያዎቹ ግን ዘንድሯቸው ሳይደርሱ ቀሩ። ከዚያ አስቀድሞም በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን እነ ዋልድማየርን መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ሰዎቹ ይህን ሙያ አናውቅም ቢሉም ትእዛዙ የሚታለፍ አልነበረም። ከእነርሱ ጋር ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆል ነበሩ። በብዙ ሙከራና ውድቀት ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። በብዙ መቶ ሰው ጕልበት ተጐትቶ፣ መንገድ እየተፈነቀለለት፣ መቅደላ አፋፍ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ተጋድሞ ይገኛል። ምስሉ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

በጋፋት የሆነው የሠሪውን ተጠያቂነት እንድንመዝን ይረዳናል። «ሠሪው ባይሠራ ገዳዩ በምን ይገድል ነበር?» የሚል ክርክር እናውቃለን። መልሳችን እንዲህ ነው፤ ሠሪ የሚጠየቀው በሚያውቀው ልክና በነጻነቱ ልክ ነው። የወንጌል መልእክተኛ ሆኖ መጥቶ በንጉሥ ትእዛዝ መድፍ ያቀለጠ ሰው ነጻነቱ ጠባብ ነበር። ለቤተ መንግሥት አደን ጠመንጃ የሠራ የማድሪድ ባለሙያ ነጻነቱ ሰፋ ያለ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የዕቃውን የኋላ ጕዞ አይጨምርም። ያዘዘው፣ የከፈለው፣ ያነገተውና የተኰሰው ከሠሪው ይልቅ የሚያውቁም፣ የሚፈቅዱም ናቸው። ስለዚህ ተጠያቂነቱ ከእሳቱ አጠገብ ካለው እጅ ይልቅ፣ ቃታውን ወደሚስበውና ወደሚያዝዘው እጅ ሲሄድ ይከብዳል። በዓለማችን ግን ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። ያነገተው «ጀግና» ይባላል፤ ያዘዘው «ጌታ» ይባላል፤ የሠራውስ?

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህኛው የእኛው ነው።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ቡዳ» ተባለ፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ተባለለት። ከእርሱ ጋር መጋባት ቀርቶ ከእርሱ ጋር መብላትም ያስነውር ነበር። በጎንደር አካባቢ ሙያው በብዛት በቤተ እስራኤል እጅ ነበር፤ መናቃቸውም በእጥፍ ሆነ። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ወስዶ፣ በማረሻው አርሶ፣ እህሉን አፍሶ፣ ከዚያው እህል ለማረሻው ሠሪ በአንድ ገበታ አላቀርብም አለ። ጦሩን የተቀበለው ጐበዝ በፉከራው ጦሩንና ራሱን አወደሰ፤ ጦሩን የሳለውን ግን ስሙን አላነሣም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የሚከተለው ነው። በየበዓሉ የምንሳለመው የብርና የናስ መስቀል፣ የምንሸበሽብበት ጸናጽል፣ የምናጥንበት ጽና ከእሳትና ከመዶሻ የመጣ ነው። የእጁን ሥራ ሳምን፤ እጁን ግን ሸሸን።

ነገሩን ዐፄ ምኒልክ በአዋጅ ነቅፈውታል። በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሓፊውን፣ ፋቂውን በሥራው ማዋረድ እንዲቀር አዘዙ፤ እንዲህ ያለው ስድብ አገርን ያለ ሙያ የሚያስቀር መሆኑንና ሰዳቢው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠር አስታወቁ። አዋጁ መልካም ነበር። አዋጅ ግን አፍን ያስራል እንጂ ልብን አያስርም። ከአዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ፣ ባሕር ተሻግረን፣ በጆርጂያ ምድር፣ አንድ አረጋዊ የአባታቸውን ሙያ ከእኛ ሠላሳ ዓመት መደበቃቸው ይህን ይመሰክራል።

እስኪ እናነጻጽር። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሚሠራ እጅ ፍለጋ እስከ ለንደን ላኩ፤ በገዛ አገራቸው ግን ብረትን ከአፈር አቅልጠው የሚያወጡ ሰዎች በየመንደሩ ዳር ተጥለው ይኖሩ ነበር። የእስፓኙ ሠሪ ስሙን በወርቅ ሞላ፤ ልጁም የአባቱን ሙያ ወረሰ፣ ጨመረበት፣ የልጅ ልጁም ታላቅ ሠዓሊ ሆነ። የእኛው ሠሪ ስሙን ሸሸገ፤ ልጁም ሙያውን ሸሸ። ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በክብር ድልድይ ነው፤ ድልድዩን ያፈረስነው እኛ ነን። ከዚያም ተመልሰን «ምነው እኛ እንደ ሌሎቹ አልሠራንም?» ብለን ጠየቅን።

አንዳንድ ሰው መጽሐፍ ጠቅሶ ሊከራከር ይችል ይሆናል። የብረትና የናስ ሥራ የተጀመረው በቃየን ዘር፣ በቱባልቃይን ነው ይላል፤ በኦሪት ዘፍጥረት አራተኛው ምዕራፍ። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው በኦሪት፣ በዘጸአት ሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር የኡሪን ልጅ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን እንደ ሞላበት እናነባለን፤ በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ ነው። ሕዝብ ስሙን የደበቀበትን ባለሙያ ፈጣሪ ግን በስሙና በአባቱ ስም ጠራው። ሌላም እናስብ፤ የመሠዊያው ድንጋይ ብረት እንዳይነካው ታዘዘ፤ ንጉሥ ዳዊትም እጁ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተከለከለ። የተከለከለው አናጢው አይደለም፣ አንጥረኛውም አይደለም፤ የተከለከለው ጦረኛው ንጉሥ ነው። ይህ ቅደም ተከተል እኛ ለብዙ መቶ ዓመታት ከኖርንበት ጋር ፊትና ጀርባ ነው። እኛ የደም እጅን አነገሥን፤ የጥበብን እጅ ከደጅ አስቀረን።

አሁን ሁለቱ ጥያቄዎች ይገናኛሉ። መሣሪያን በወርቅ እንድናስጌጥ ያደረገንና ሠሪውን እንድንንቅ ያደረገን አንድ ሥር ነው፤ እርሱም ከሚሠራ ሰው ይልቅ የሚያስፈራ ሰው ይከበራል የሚለው እምነታችን ነው። ይህ እምነት ካለ ሽጉጥ ያጌጣል፤ ማረሻ አያጌጥም። ይህ እምነት ከተነቀለ ግን ጌጡ ወደሚገባው ቦታ ይመለሳል።

«ይህ ሁሉ የጥንት ወሬ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ያገባናል። ስደት ሁላችንንም የእጅ ሠራተኛ አድርጎናል። በአገር ቤት ብዕር ይዞ የኖረው እዚህ መኪና ያቆማል፤ አስተማሪው ታክሲ ይነዳል፤ የቢሮ ኀላፊዋ የሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ አረጋውያንን ታጥባለች። ለዘመድ ስንደውል ግን ስንቶቻችን ሥራችንን በስሙ እንጠራዋለን? «ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው» እንላለን። አረጋዊው አባታችን የአባታቸውን ሙያ እንደ ሸሸጉ እኛም የራሳችንን እንሸሽጋለን። በሰው ላይ የጫንነው ቀንበር ተመልሶ በገዛ ትከሻችን ላይ ተቀምጧል።

ሽጉጡም ቢሆን የጥንት አይደለም። የምንኖረው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድ በሚችልበት ክፍለ ግዛት ነው። በነዳጅ ማደያና በሱቅ ሌሊት የሚያድሩ ወንድሞቻችን ከገንዘብ መቀበያው ሥር ሽጉጥ ማኖራቸውን እናውቃለን፤ ፍርሃታቸውንም አናቃልልም፤ የቀበርናቸው አሉና። ዳሩ ግን በዚችው በአትላንታ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1974፣ በኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ጸሎት ላይ ኦርጋን ትጫወት የነበረችውን የማርቲን ሉተር ኪንግን እናት አልበርታን ሽጉጥ እንደ ገደላት እንዘንጋ ዘንድ አይገባም። ልጇም ከእርሷ ስድስት ዓመት ቀድሞ በጥይት ወድቆ ነበር። ያ ልጇ በሞንጎመሪ ቤቱ በቦምብ ከተመታ በኋላ ቤተሰቡን ለመጠበቅ መሣሪያ አኑሮ ነበር፤ ኋላ ግን ከባለቤቱ ጋር መክሮ ከቤቱ አስወጣው። ሁሉም እንዲሁ ያድርግ ብለን አንፈርድም፤ በሌሊት ብቻውን ለሚቆመው ሰው ከምቹ ወንበር ላይ ሆኖ መስበክ ቀላል ነው። የምንለው ይህን ነው፤ ሽጉጥ በቤት ካለ እንደ ሐዘን ይኑር፤ እንደ ጌጥ አይኑር። ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በልጆች ፊት አይመዘዝ፤ በፎቶግራፍ አይነሣ፤ የወንድነት ምልክት አይባል።

ወደ ዚያች እሑድ እንመለስና እንፈጽም። ባለቤቱ ሽጉጧን ምን ላድርጋት ብሎ አረጋዊውን ጠየቃቸው። ወይ ግድግዳ ላይ ስቀላት፣ ወይ ጣላት ይሉታል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን «በሣጥኗ ትቀመጥ፤ ግድግዳው ላይ አትውጣ። ልጆቹ ሲጠይቁህ አውጣና ማኅተሟን አሳያቸው፤ ይህን የሠራ ሰው ስም ነበረው በላቸው። ቀጥለህም ማንን እንደ ገደለች አናውቅም፣ ስለዚህ አንመካባትም በላቸው» አሉት። እኛ ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘንም። እጁን ማክበርና መሣሪያውን አለማክበር፣ ሁለቱም በአንድ ሣጥን ይኖራሉ።

ልንነሣ ስንል አንዲት እናት «የቤተ ክርስቲያናችንን የጽና ሰንሰለት ሁልጊዜ የሚያበጀው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በየዓመቱ ይበጠሳል፤ በየዓመቱም ለበዓል ተጠግኖ እናገኘዋለን። የጸናጽሎቹም ቅጠል እንዲሁ ነው። እስከዚያ ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አረጋዊው አቀርቅረው ፈገግ አሉ። ሠላሳ ዓመት በማያውቁት እጅ ሥራ ስናጥንና ስናሸበሽብ ኖረናል።

ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። ይቅርታ ግን በቃል ብቻ አይፈጸምምና፣ የሰበካ ጉባኤው ፈቅዶ እርሳቸውም እሺ ብለው፣ ከመጪው ክረምት ጀምሮ በየቅዳሜው የሚፈልጉ ወጣቶች ከእርሳቸው ዘንድ የብር ሥራ ይማራሉ። ልጆቻችሁን ላኩ። በሚሠሩት የመጀመሪያ መስቀል ጀርባ ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ፣ ከስማቸውም ሥር የመምህራቸውን የአባታቸውን ስም እንዲያክሉ ተስማምተናል።

አምላከ አበው የእጃችንን ሥራ ያቅናልን። አሜን።